ለሲፒሲ ፈተና መጽሐፌ ላይ ምን ልጻፍ? ምን ልተው?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «መምህር፣ ሰላም ነዎት? የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የሲፒሲ ፈተናዬ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። በዚህ ዓመት ተፈትና ካለፈች ልጅ ላይ የሲፒቲ መጽሐፍ በግማሽ ዋጋ ገዛሁ። ቤት ወስጄ ስከፍተው ኅዳጉ በሙሉ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። አንዳንዱ ማስታወሻ ነው። አንዳንዱ ግን ከነመልሱ የልምምድ ጥያቄ ይመስላል። ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ኮፒ የተደረገ ወረቀት በሙጫ ተለጥፏል። በዚህ መጽሐፍ መፈተን እችላለሁ? የራሴን ማስታወሻስ እንዴት ልጻፍ? በአማርኛ ብጽፍስ?»

እህቴ፣ እንደምን አለሽ። ቀጥታ ወደ መልሱ ልግባ። አሁን ባለበት ሁኔታ መጽሐፉን ይዘሽ ፈተና አትግቢ። የተለጠፈው ወረቀት አይፈቀድም። የልምምድ ጥያቄውም አይፈቀድም። የቀረው ማስታወሻ ግን አብዛኛው የሚፈቀድ ሊሆን ይችላል። አምስት ሳምንት አለሽ፣ ሁሉም ይስተካከላል። አትደንግጪ።

ፈተናውን ለማያውቁ ሌሎች አንባቢዎች ትንሽ ላስረዳ። ሲፒሲ አሜሪካ ውስጥ ሐኪሙ ለሠራው ሥራ ኮድ የሚሰጡ ባለሙያዎች የሚፈተኑት ፈተና ነው። የሚሰጠው ኤኤፒሲ የተባለው ማኅበር ነው። 100 የምርጫ ጥያቄ አለው። የተሰጠው ጊዜ 4 ሰዓት ነው። ማለፊያው 70 ከመቶ ነው። ተፈታኙ ሦስት መጽሐፍ ይዞ ይገባል፦ ሲፒቲ (ሐኪሙ የሠራው ሥራ ኮድ)፣ አይሲዲ-10-ሲኤም (የበሽታ ኮድ) እና ኤችሲፒሲኤስ (የዕቃና የመድኃኒት ኮድ)፣ በአፋችን «ሂክፒክስ» የምንለው። ሲፒቲው የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ያሳተመው መሆን አለበት። የሁለቱ ግን አሳታሚው ማንም ቢሆን ችግር የለውም። እስከ 2021 መጨረሻ ድረስ ፈተናው 150 ጥያቄ ነበረው፣ ጊዜውም 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነበር። ስለዚህ አሮጌ ምክር የሚሰጥሽ ሰው ቁጥሩን ቢያምታታ አትገረሚ።

ደንቡ ራሱ አጭር ነው። በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ ይፈቀዳል፣ ግን የዕለት ተዕለት የኮዲንግ ሥራን የሚመለከት መሆን አለበት። ከጥናት መጽሐፍ፣ ከልምምድ ፈተና ወይም ከራሱ ከፈተናው የተወሰደ ጥያቄ መጻፍ ክልክል ነው። ታብ፣ ማለትም ከገጹ ጠርዝ ብቅ የሚል ምልክት፣ ማስገባት ይቻላል። በሙጫም ይሁን በስቴፕል ቢያያዝ ግድ የለም። ግን ታቡ ገጹን ለማግኘት የሚጠቅም ምልክት ብቻ ይሁን። መጽሐፉ ላይ የሌለ ትምህርት የሚጨምር ከሆነ ታብ መሆኑ ቀርቷል። ከታብ ሌላ ምንም ነገር መለጠፍም ሆነ መጽሐፉ ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ማስመርና ሃይላይት ማድረግ ይቻላል። አሳታሚው በይፋ ያወጣው የእርማት ዝርዝር ካለ እሱን መጠቀም ይቻላል።

«የዕለት ተዕለት የኮዲንግ ሥራ» የሚለው ሐረግ ብዙ ሰው ያወዛግባል። እኔ ተማሪዎቼን አንድ ነገር እንዲጠይቁ አደርጋለሁ። ቢሮ ተቀምጠሽ የሐኪም ኖት እያነበብሽ ኮድ ስትሰጪ፣ ይህን ማስታወሻ መጽሐፍሽ ላይ ትጽፊው ነበር? «ማርጂኑን (ዙሪያውን አብሮ የተቆረጠውን ጤነኛ ቆዳ) መደመር አትርሺ» ብሎ መጻፍ የሥራ ማስታወሻ ነው። ማንም ኮደር ይጽፈዋል። «የ45 ዓመት ሴት፣ ክንዷ ላይ... መልሱ ሐ» ብሎ መጻፍ ግን ሥራ ላይ ምንም አይጠቅምም። ፈተና ላይ ብቻ ነው የሚጠቅመው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ መጽሐፍሽ እንምጣ። መጀመሪያ የተለጠፉትን ወረቀቶች በጥንቃቄ አንሺ። ሲፒቲ ወረቀቱ ስስ ነው፣ ሙጫው ከያዘው ኮዱን ይዞት ይነሳል። ጠርዙ ቢቀደድ አይጎዳም። ኮድ ያለበት መስመር ከተቀደደ ግን ያ ገጽ ጠፋ ማለት ነው። ቀጥሎ ከነመልሳቸው የተጻፉትን ጥያቄዎች ቁጠሪ። ጥቂት ከሆኑና ባዶ ኅዳግ ላይ ብቻ ካሉ፣ እንዳይነበቡ አድርገሽ ደልዣቸው። ወፍራም ጥቁር ማርከር ግን አትጠቀሚ፣ ወደ ጀርባው ገጽ ዘልቆ የታተመውን ያጠፋል። ወረቀት ለጥፎ መሸፈንም መፍትሔ አይደለም። እሱ ራሱ የተለጠፈ ነገር ነው። ጥያቄዎቹ ብዙ ገጽ ላይ ከተበተኑ ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፦ አዲስ ግዢ። ገንዘቡ እንደሚከብድ አውቃለሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ቀን ሥራ ውለው ማታ የሚያጠኑ ናቸው። ግን የፈተናው ክፍያ ከመጽሐፉ ይበልጣል። ፕሮክተሩ፣ ማለትም የፈተናው ተቆጣጣሪ፣ ሲፒቲሽን አልቀበልም ቢልሽ ደግሞ ያለ ሲፒቲ የሚታለፍ ፈተና አይደለም።

ሌላም አሳሳቢ ነገር አለ። እነዚያ ጥያቄዎች ከልምምድ መጽሐፍ ላይሆኑ ይችላሉ። ልጅቷ ከፈተና ወጥታ ያስታወሰቻቸው ከሆኑ ነገሩ ከበድ ይላል። ማንኛውም ተፈታኝ የፈተናውን ጥያቄ ላለማውጣት ተስማምቶ ነው የሚቀመጠው። አንቺ ባትጽፊውም መጽሐፉ በእጅሽ ነው ያለው። «እኔ አልጻፍኩትም» የሚለውን ለፕሮክተር ማስረዳት ከባድ ነው። ስለዚህ የማን ጥያቄ ይሁን ብለሽ አትመራመሪ። አጥፊው።

የቀሩትን ማስታወሻዎች ደግሞ እንዳሉ አትመኛቸው። የሰው ማስታወሻ ከየት እንደተገለበጠ አታውቂም። ምሳሌ ልስጥሽ። የአዲስ ታካሚ ቪዚት ኮድ 99203 እስከ 2023 ድረስ «ከ30 እስከ 44 ደቂቃ» ይል ነበር። ከ2024 ጀምሮ ግን «30 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ» ወደሚል አገላለጽ ተቀየረ። 99201 የሚባለው ኮድም በ2021 ተሰርዟል። ሰው የድሮ ማስታወሻውን ወደ አዲስ መጽሐፍ ሲገለብጥ እንዲህ ያሉት ነገሮች አብረው ይገባሉ። ከማስታወሻው ጎን የታተመውን አንብቢ። ካልገጠመ ደልዢው። እግረ መንገድሽን የመጽሐፉን ዓመትም ተመልከቺ። የሚፈለገው የምትፈተኚበት ዓመት እትም ነው። ሲፒቲ በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ይታደሳል። አይሲዲው ደግሞ ዋናው ለውጡ የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ፦ የራስሽን ምልክት እንዴት ታደርጊያለሽ?

እኔ መጀመሪያ ስፈተን ወድቄአለሁ። ያስተማረኝ ቦታ «ያያችሁትን ሁሉ ሃይላይት አድርጉ፣ የሰማችሁትን ሁሉ ጻፉ» ይለን ነበር። እኔም አደረግኩት። መጽሐፌ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆነ። ፈተናው ላይ ገጹን አገኘዋለሁ፣ ግን ዓይኔ የት እንደሚያርፍ ያጣል። ሁሉም ነገር ሲቀባ ምንም አልተቀባም ማለት ነው። ለ100 ጥያቄ 240 ደቂቃ ነው ያለሽ። ለአንዱ 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ይደርሳል። በዚህ ውስጥ ጥያቄውን ታነቢያለሽ፣ ገጹን ታወጫለሽ፣ አራት ተቀራራቢ ኮዶችን ታወዳድሪያለሽ። ማስታወሻ ለማንበብ የሚተርፍ ጊዜ የለም። ሁለተኛ ጊዜ ስፈተን በአዲስ መጽሐፍ ነበር፣ አንድ ነገር ብቻ ወሰንኩ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ኮዶችን የሚለያየውን ቃል ብቻ ማስመር። ሌላ አይነካም።

ሲፒቲ ለዚህ የተመቸ መጽሐፍ ነው። ሴሚኮሎኗን ታውቂያታለሽ? በኮዱ ገለጻ ውስጥ ከሴሚኮሎን በፊት ያለው ለቤተሰቡ ሁሉ የጋራ ነው። ከእሷ በኋላ ያለው የየራሱ ነው። ወደ ውስጥ ገባ ብለው የተጻፉት ኮዶች ከላይ ያለውን የጋራ ክፍል ይወርሳሉ። የትርፍ አንጀት ኦፕሬሽንን ውሰጂ። 44950 መነሻው ነው። 44960 ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ መግል ሲይዝ ወይም ሆድ ዕቃ ውስጥ ሲሰራጭ ነው። 44970 ደግሞ በላፓሮስኮፕ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ፣ ሲሠራ ነው። «ፈንድቶ» የሚለውን ቃል በአንድ ቀለም፣ «ላፓሮስኮፒ» የሚለውን በሌላ ቀለም አስምሪ። ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ኮሎኖስኮፒም፣ ማለትም ትልቁ አንጀት በካሜራ የሚታይበት ምርመራ፣ እንደዚሁ ነው። 45378 ለማየት ብቻ የተደረገ ነው። 45380 ናሙና ሲወሰድ። 45384 ፖሊፕ፣ ማለትም አንጀት ላይ የበቀለ ትርፍ ሥጋ፣ በትኩስ ፎርሴፕስ (መቆንጠጫ) ሲወጣ። 45385 በስኔር፣ ማለትም በሽቦ ቀለበት ታንቆ ሲቆረጥ። ጥያቄው ውስጥ «ፖሊፕ ወጣ» የሚለው ብቻውን አይበቃም። በምን ወጣ? ዓይንሽ መሣሪያውን እንዲፈልግ አስለምጂው። እዚህ ላይ አጭር ማስታወሻ መጻፍ ይጠቅማል፦ «የቀዶ ጥገና ስኮፕ የምርመራውን ይጨምራል»። ይህ የሥራ ማስታወሻ ነው፣ ማንም አይከለክልሽም።

ማስታወሻ በእጅ መጻፍ ከምንም በላይ የሚክሰው 10000ዎቹ ላይ ነው፣ ቆዳው ላይ። ሊዥን፣ ማለትም ቆዳ ላይ የወጣ እብጠት ወይም ምልክት፣ ተቆርጦ ሲወጣ መጠኑ የሊዥኑ ብቻ አይደለም። ትልቁ ዲያሜትር፣ ሲደመር በሁለቱም ወገን የተወሰደው ጠባቡ ማርጂን ነው። ክንድ ላይ ያለ፣ ካንሰር ያልሆነ፣ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሊዥን አለ እንበል። በየወገኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ማርጂን ተወሰደ። ድምሩ 3 ነው። ኮዱ 11403 ይሆናል። ማርጂኑን የረሳ ሰው 11402ን ይመርጣል። እሱም ምርጫው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ስለዚህ 11400 አጠገብ «ዲያሜትር + 2 ማርጂን» ብለሽ ጻፊ። 11600 አጠገብም ድገሚው። ካንሰሩ ያለው እዚያ ነው፣ ደንቡ ያው ነው።

ስፌቱ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ተመሳሳይ ዓይነት ስፌት፣ በተመሳሳይ የአካል ቡድን ውስጥ ከሆነ ርዝመቱ ይደመራል። ይህን ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው ቡድኖቹ እንደሚለያዩ ነው። በቀላል ስፌት፣ 12001 ላይ፣ መዳፍና እግር ከክንድና ከባት ጋር አንድ ቡድን ናቸው። በመካከለኛ ስፌት ግን ተለይተው ይወጣሉ። 12031 ላይ «መዳፍና እግርን ሳይጨምር» ይላል። መዳፍና እግር 12041 ውስጥ ከአንገት ጋር ይገባሉ። እኔ ሦስቱንም ቦታ ላይ «መዳፍ» እና «እግር» የሚሉትን ቃላት በቀይ ከብቤያቸዋለሁ። አጠገባቸው የጻፍኩት የሌላውን ኮድ ቁጥር ብቻ ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያሻግር ቁጥር ከረጅም ማብራሪያ ይበልጥ ይጠቅማል።

ብዙ ጊዜ ልትጽፊ የምትፈልጊው ነገር ቀድሞ ታትሟል። በቅንፍ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ጽሑፎች ሰው ይዘላቸዋል። ማደንዘዣ ላይ 00834ን ተመልከቺ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን የቡአ ኦፕሬሽን ነው። ዕድሜው ኮዱ ውስጥ ስላለ፣ ለዕድሜ የሚጨመረው 99100 አብሮ አይሰጥም። ይህ በቅንፍ ተጽፎልሻል። አስምሪበት፣ አትገልብጪው። ግልባጩ ቦታ ይወስዳል፣ ገጹንም ያጨናንቃል።

አይሲዲው ላይ እጅሽን ሰብሰብ አድርጊ። እዚያ ወሳኙ ከፊት ያለው ጋይድላይን (የኮድ አሰጣጥ መመሪያ) ነው። የማሰምርባቸውን ሁለቱን ብቻ ልንገርሽ። አንደኛው ክፍል አራት፣ ንዑስ «ኤች» ላይ ያለው ነው። ተመላላሽ ታካሚ ላይ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ይጠረጠራል» ተብሎ የተጻፈ በሽታ ኮድ አይሰጠውም። ምልክቱ ነው የሚሰጠው። ደረቱን ያመመው ሰው ሃርት አታክ ተጠርጥሮ ከሆነ የደረት ሕመሙን ትሰጫለሽ። ሁለተኛው «ዊዝ» («ከ... ጋር») የሚለው ቃል ደንብ ነው፣ ክፍል አንድ መጀመሪያው ላይ ቁጥር 15። ደም ግፊትና የቆየ የኩላሊት ሕመም አንድ ላይ ከተጻፉ፣ ሐኪሙ ግንኙነት የላቸውም ካላለ በቀር መጽሐፉ ተያያዥ ናቸው ብሎ ይወስዳቸዋል። እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ታብ አድርጊ። ኤክስክሉድስ 1 (አብረው የማይሰጡ ኮዶች) እና 2 (እዚህ ያልተካተቱ፣ ግን አብረው ሊሰጡ የሚችሉ) የሚሉትን በሁለት የተለያየ ቀለም ለዪ። ሂክፒክሱ ላይ ብዙ አትድከሚ፣ ታብ ይበቃዋል።

ታብን በተመለከተ፣ ሲፒቲ ላይ ከ12 እስከ 15 ቢሆን በቂ ነው። ከቪዚት ኮዶቹ ጀምሪ፣ ማደንዘዣ፣ ከ10000 እስከ 90000 እያንዳንዱ ምድብ፣ ሞዲፋየሮቹ (ከኮዱ ጎን የሚጨመሩት ባለ ሁለት አኃዝ ምልክቶች) ያሉበት አፔንዲክስ «ኤ»፣ መጨረሻ ላይ ኢንዴክሱ። ታቡ ላይ «ቆዳ» ወይም «10000» ብሎ መጻፍ ምንም አይልም። ስቲኪ ኖት ላይ የሞዲፋየር 25ን ትርጉም ጽፎ እንደ ታብ መለጠፍ ግን ታብ አይባልም። አንዲት ተማሪዬ ይህን አድርጋ ነበር። ከፈተናው በፊት አይቼ አስነሳኋት። ቀለሙን ደግሞ ገጽ ጥግ ላይ ሞክሪው። ውሃማው ሃይላይተር ወደ ጀርባ ዘልቆ ይወጣል። የቀለም እርሳስ ወይም ደረቁ የጄል ሃይላይተር ይሻላል።

ስለ አማርኛው ጥሩ ጠይቀሻል። ደንቡ የሚናገረው ስለ ማስታወሻው ይዘት ነው። ፕሮክተሩ ግን የሚፈርደው አይቶ ነው። የማያነበው ጽሑፍ ገጹን ሞልቶ ካየ፣ የሥራ ማስታወሻ ይሁን የፈተና ጥያቄ በምን ያውቃል? ለአንቺም «አማርኛ ነው፣ እመኑኝ» ማለት ብቻ ነው የሚቀርሽ። ሰዓቱ እየሄደ በዚህ መከራከር አልመክርሽም። ስለዚህ መጽሐፉ ላይ እንግሊዝኛና ቁጥር ተጠቀሚ። አማርኛውን ለጥናት ደብተርሽ አድርጊው። እዚያ ላይ አማርኛ ትልቅ ጉልበት ነው። «ስኔር ማለት ማነቂያ» ብለሽ አንዴ በራስሽ ቋንቋ ከያዝሽው አይጠፋሽም። ደብተሩ እቤት ይቀራል፣ ትርጉሙ ጭንቅላትሽ ውስጥ ይገባል። ያለሽን አምስት ሳምንት ተጠቅመሽ ጠንከር ያሉትን የሕክምና ቃላት እንዲህ አድርጊያቸው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ይህ ሁሉ ለሲፒሲ ነው። ጓደኛሽ አሂማ በተባለው ሌላ ማኅበር በኩል ሲሲኤስ የተባለውን የኮዲንግ ፈተና የምትፈተን ከሆነ የዚያ ደንብ የራሱ ነው። ይህን መልስ ይዛ እንዳትገባ። አንቺም ብትሆኚ የተመዘገብሽበት ገጽ ላይ ያለውን የመጽሐፍ ደንብ ከፈተናው በፊት ባለው ሳምንት እንደገና አንብቢው። የምታጠራጥርሽ ማስታወሻ ካለች ፎቶ አንሥተሽ ለማኅበሩ በኢሜይል ላኪና ጠይቂ። መልሱን በጽሑፍ ያዢው።

ከቤትሽ በካሜራ የምትፈተኚ ከሆነ፣ ከሁለት ቀን በፊት ይህን ሞክሪ። አንድ ሰው ፊት ለፊትሽ ይቀመጥ። ሦስቱንም መጽሐፍ በጀርባቸው ይዘሽ አራግፊያቸው። የወደቀ ወረቀት ካለ ያን ጊዜ ይውደቅ። የግሮሰሪ ደረሰኝ እንኳ ቢሆን አውጪው። ከዚያ ገጾቹን ቀስ ብለሽ ግለጪለት። ኅዳጉ ላይ ያየውን ማስታወሻ ሁሉ ይጠይቅሽ። «ይህ ምንድን ነው?» ሲልሽ፣ ሥራ ላይ ለምን እንደሚጠቅምሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ካልቻልሽ፣ ያን ማስታወሻ እዚያው ቁጭ ብለሽ ደልዢው።